ሜቤል ኖርማንድ፦ በካሜራው ፊትና ኋላ

አንድ የገጠር ሰው ከተማ ገብቶ ሲኒማ ቤት ይቀመጣል። ሸራው ላይ ድሮ ወዶ የተዋት፣ የእናቱ ቤት ሠራተኛ የነበረች ልጅ ብቅ ትላለች። ሰውየው ዐይኑን ማመን ያቅተዋል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ክፉ ሰው ሊያጠቃት ሲጠጋ ትዕግሥቱ ያልቅና ሽጉጡን መዝዞ ሸራው ላይ ይተኩሳል። አዳራሹ ይተራመሳል። በኋላም ክፉውን ፍለጋ ቤቱ ድረስ ሄዶ በመስኮት ሲመለከት፣ ያ «አረመኔ» የሴትዮዋ ባል ሆኖ ከልጆቻቸው ጋር በሰላም ይኖራል።

ይህ በ1913 የወጣ አጭር ኮሜዲ ነው፤ ርዕሱ «የሜቤል የተዋናይነት ሕይወት» ይላል። (በዚህ ንግግር የሚነሡት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገጠሬውን ሆኖ የሚጫወተው የፊልም ድርጅቱ አለቃ ማክ ሴኔት ሲሆን፣ ሸራው ላይ የምትታየው ሜቤል ኖርማንድ ናት። ዕድሜዋ ገና ሃያ ዓመት ነው። ለተመልካቹ ግን ማንነቷን ማስረዳት አላስፈለገም፤ ስሟ ርዕሱ ላይ ተጽፏል፤ ቲኬት የሚያሸጠውም እሱ ነበር።

ዛሬ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው በሌሎች ሰዎች ታሪክ ውስጥ ነው። የቻርሊ ቻፕሊንን ሕይወት የሚጽፍ ሰው በጀማሪነቱ የተጣላት ልጅ አድርጎ ጥቂት ገጽ ይሰጣታል። ስለ ማክ ሴኔት የሚጽፈው ሳያገባት የቀረች እጮኛው ያደርጋታል። የወንጀል ታሪክ ወዳዱ ደግሞ አንድ ታዋቂ ዳይሬክተር በተገደለበት ምሽት ቤቱ ሄዳ እንደነበር ብቻ ያስታውሳል። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ሴትዮዋ ራሷ ምን ሠራች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሦስቱም መልስ አይሰጡም።

ሜቤል የተወለደችው በኖቬምበር 1892 በኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ በተባለው ደሴት ነው። አባቷ የፈረንሳይ ካናዳ ዝርያ ያለው፣ በአናጺነትና በቲያትር ቤት የመድረክ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ እናቷ ከአየርላንድ ዘር ናት። ቤተሰቡ የተረፈው አልነበረም። ልጅቷ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ለሠዓሊያን ሞዴል ሆና መቆም ጀመረች። በዚያ ዘመን የመጽሔት ሽፋን የሚያምረው በፎቶግራፍ ሳይሆን በሥዕል ነበር፤ ቻርልስ ዴና ጊብሰንና ጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ ከመሳሰሉት ስመ ጥር ሠዓሊያን ፊት ቆማለች። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሳይነቃነቁ ለረጅም ሰዓት መቆምን ይጠይቃል። በደሴት ማደጓ ደግሞ ሌላ ነገር ሰጥቷታል፤ ዋናተኛ ነበረች። በኋላ እንጀራ የሆናት ይኸው ዋና ነው።

ወደ ፊልም የገባችው በማንሃተን አሥራ አራተኛ ጎዳና ላይ ይሠራ በነበረው ባዮግራፍ በተባለ ድርጅት በኩል ነው። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ነበር። ባዮግራፍ የተዋናዮቹን ስም ለሕዝብ አይናገርም፤ ስማቸው ከታወቀ ደመወዝ ጨምሩልን ይላሉ ብሎ ይሠጋ ነበር። ፊልሞቹን እንግሊዝ ውስጥ ያከፋፍል የነበረው ነጋዴ ግን ተመልካቹ ስም ስጡን ብሎ ስላስቸገረው ከራሱ ስም እያወጣ ለየተዋናዩ አደለ። ሜቤል ለንደን ላይ ሙሪየል ፎርቴስኪዩ ተብላ ታወቀች። ከእሷ ጋር ይሠራ የነበረው ማክ ሴኔትም ዋልተር ቴሪ ሆነ።

በ1911 ለጥቂት ጊዜ ብሩክሊን ወደሚገኘው ቫይታግራፍ ሄዳ፣ ጆን ባኒ ከሚባለው የዘመኑ ዝነኛ ወፍራም ኮሜዲያን ጋር ሠራችና ተመለሰች። ግሪፊዝ ለከባድ ድራማ ይፈልጋት ነበር፤ ሞክሯታልም። ሴኔት ግን በዚያው ድርጅት ውስጥ ኮሜዲዎችን መምራት ጀምሮ ነበርና ልጅቷን ወደ ውኃ ወሰዳት። በዚያው ዓመት የወጣው «ጠላቂዋ ልጅ» ሴራው ይህን ያህል አይደለም፤ ሜቤል በዋና ልብስ ከመወጣጫ ላይ ስትዘል ማየት ነው ነገሩ። ሴት እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና በምትሄድበት ዘመን ይህ ብቻውን ሲኒማ ቤቱን ይሞላ ነበር። ከዘለለችው ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስትዘል የሚታይባት ደስታ ነው። ቁንጅናዋን ለማሳየት ሳይሆን ዋናውን ስለምትወደው የምትዘል ትመስላለች።

ድፍረቷም በውኃ አላበቃም። በ1912 «በደመናት ውስጥ» የሚል ስሜት ባለው ርዕስ የወጣ የባዮግራፍ ፊልም አለ። ሜቤል በዚያ ፊልም ላይ ፊሊፕ ፓርመሊ ከተባለው፣ የራይት ወንድማማቾች ካሠለጠኑት አብራሪ ጎን ተቀምጣ በእውነተኛ አውሮፕላን ትበራለች። የዚያን ጊዜ አውሮፕላን ማለት ሸራና እንጨት ነው፤ መቀመጫው ገላጣ ነው፤ የሚከልል ነገር የለውም። ፓርመሊ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ በጁን 1 ቀን 1912፣ በሌላ የበረራ ትርኢት ላይ ተከስክሶ ሞተ። ተመልካቾች ፊልሙን ያዩት አብራሪው ከተቀበረ በኋላ ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ማክ ሴኔት ከባዮግራፍ ወጥቶ፣ አዳም ኬሰልና ቻርልስ ባውማን የተባሉ ነጋዴዎች ገንዘብ አውጥተውለት፣ ኪስቶን የተባለውን የኮሜዲ ድርጅት አቋቋመ። ይዟቸው የሄደው ሦስት ዋና ተዋናዮችን ነው፦ ፎርድ ስተርሊንግ፣ ፍሬድ ሜስና ሜቤል። ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩና ኤደንዴል በሚባለው ሰፈር ከተሙ። የኪስቶን የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች በሴፕቴምበር 23 ቀን 1912 ሲወጡ፣ ከሁለቱ አንዱ እንደ ተጠበቀው የሜቤል የዋና ፊልም ነበር።

የኪስቶን አሠራር ለዛሬ ሰው እንግዳ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም አንድ ሺህ ጫማ ገደማ ይረዝማል፤ ካሜራው በእጅ የሚዞር ስለሆነ እንደ አዟዟሩ ፍጥነት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይታያል። ድርጅቱ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በየሳምንቱ ለገበያ ማድረስ አለበት። ስለዚህ ከተማው ውስጥ የሚደረገውን ማናቸውንም ነገር በነፃ ይጠቀሙበታል። የመኪና ውድድር ካለ ተዋናዮቹን ይዘው ወደዚያ ነው፤ ሰልፍ ካለም ወደዚያ ነው። በ1913 የኤኮ ፓርክን ሐይቅ ለማጽዳት ውኃው እንደሚለቀቅ በሰሙ ጊዜ ሜቤልንና ስተርሊንግን ወስደው ጭቃው ውስጥ ከተቱና ከዚያ የፍቅር ኮሜዲ አወጡ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ፊልም ሜቤል ከባቡር ሐዲድ ጋር ታሥራ፣ ታዋቂው የመኪና እሽቅድምድም ጀግና ባርኒ ኦልድፊልድ ሎኮሞቲቩን ቀድሞ ሊያድናት ይበራል። ሐዲድ ላይ የታሠረች ልጃገረድ በሲኒማ ስትነሣ ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያያት ይህቺን ነው። ፊልሙ ግን በዚያ ዐይነት የመድረክ ድራማ ለማሾፍ የተሠራ መሆኑ ተረስቷል።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ። ክሬም የተሞላ ኬክ በሰው ፊት ላይ የመወርወርን ቀልድ በፊልም የጀመረችው ሜቤል ናት፤ በ1913 የኪስቶኑን ተዋናይ ሮስኮ አርባክልን መታችው ይባላል። ይህን ራሱ ሴኔትም ወዳጆቹም ሲያወሩት ኖረዋል፤ ነገር ግን ቤን ተርፒን የተባለው ኮሜዲያን በ1909 በተሠራ ፊልም ላይ ኬኩን ቀምሷል። ሜቤል የራሷ የሆነ በቂ ነገር ስላላት የሌላውን መደረብ አያስፈልጋትም።

የራሷ የሆነው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ አጨዋወቷ። በኪስቶን ወንዶቹ ተዋናዮች ሲናደዱ ይዘላሉ፣ ሲያፈቅሩ ደረታቸውን ይደልቃሉ፣ ሲያስቡ ግንባራቸውን ይመታሉ። ስተርሊንግ በዚህ የተካነ ነበር። ሜቤል በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል ቆማ ፊቷን ዝም ታሰኛለች። ሐሳቡ መጀመሪያ ዐይኗ ላይ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከንፈሯ ጫፍ ላይ፤ እጇ የሚነቃነቀው ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካቹ ምን እንዳሰበች ለማወቅ የጽሑፍ መግለጫ አይጠብቅም። ለሠዓሊ የቆመችበት ዘመን ይህን አስተምሯት ይሆናል የሚል ግምት ቢቀርብ ከእውነት የሚርቅ አይመስልም፤ ትንሽ የአንገት ማዘንበል ምን ያህል እንደሚናገር የምታውቅ ሴት ናት።

ሁለተኛው ዳይሬክተርነቷ ነው። በ1913 መጨረሻ ላይ የፊልም ንግዱ ጋዜጦች ሜቤል ከዚያ ወዲያ የምትጫወትባቸውን ፊልሞች ራሷ እንደምትመራ አስነበቡ። በዚያ ዘመን ሴት ዳይሬክተር ማለት ፈጽሞ ያልታየ ነገር አልነበረም፤ አሊስ ጊ እና ሎይስ ዌበር ይሠሩ ነበር። በመላፋትና በመውደቅ ኮሜዲ ውስጥ ግን፣ ያውም በሃያ አንድ ዓመቷ፣ ተዋናይም ዳይሬክተርም መሆን የሜቤል ነገር ነው።

ቻፕሊን በዚህ መካከል ደረሰ። በሳምንት 150 ዶላር ተቀጥሮ ከእንግሊዝ የመድረክ ቡድን የመጣ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላው፣ ፊልም የማያውቅ ወጣት ነበር። ሰፊ ሱሪውን፣ ጠባብ ኮቱን፣ ባርኔጣውንና ከዘራውን መጀመሪያ አድርጎ ካሜራ ፊት የቆመው «የሜቤል እንግዳ ችግር» በተባለው ፊልም ቀረጻ ላይ ነው። አብዛኞቹ የፊልም ታሪክ ጸሐፍት የዳይሬክተሯን ስም ሜቤል ብለው መዝግበዋል። ይህ ፊልም ከመውጣቱ ሁለት ቀን በፊት፣ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1914፣ ሌላ ፊልም ስለቀደመ ዓለም ያንን ልብስ ያየው በዚያኛው ነው፤ የተቀረጸው ግን ይህ ቀድሞ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሜቤል በሌሊት ልብሷ ከሆቴል ክፍሏ ውጭ በር ተዘግቶባት ትቀራለች፤ ሰካራሙ ቻፕሊን ኮሪደሩን ይዞ ያሳድዳታል፤ እሷ ሰው ክፍል ገብታ አልጋ ሥር ትደበቃለች። ቻፕሊን በኋላ ሲጽፍ፣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ያደረገው ትዕይንት 75 ጫማ እንደፈጀና የኪስቶን ትዕይንት ከአሥር ጫማ ብዙም ስለማያልፍ ይቆረጥ አይቆረጥ ተብሎ ክርክር እንደ ተነሣበት ይነግረናል።

ጠቡ የመጣው ጥቂት ቆይቶ «ሜቤል መሪውን ይዛ» በተባለው የመኪና ውድድር ፊልም ላይ ነው። ቀረጻው መንገድ ዳር ነው። ቻፕሊን በጎማ ቱቦ መሬቱን በውኃ ሲያርስ የሚፈጠር አንድ ቀልድ ጨምሪልኝ አለ። ሜቤል ጊዜ የለንም ብላ ከለከለችው። እሱም ከእንግዲህ አልሠራም ብሎ መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ይህች ልጅ እኔን ለመምራት ብቃት የላትም የሚል ሐሳብ በልቡ ነበረ፤ አልደበቀውምም። ይህን ሁሉ የምናውቀው ቻፕሊን ራሱ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለጻፈው ነው። እዚያው ላይ እንደሚለው፣ ከረዳት ተዋናዮቹ አንዳንዶቹ ሊደበድቡት ሲነሡ የከለከለቻቸው ሜቤል ናት። ሴኔት ሊያባርረው አስቦ ነበር። በማግሥቱ ግን ተለሳልሶ መጣ፤ ለካስ ከኒው ዮርክ ቢሮ የቻፕሊን ፊልም ቶሎ ቶሎ ላኩ የሚል ቴሌግራም ደርሶት ኖሯል።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሊቁን ያልተረዳች ልጅ ታሪክ ይሆናል። ሌላውን ጎኑን ማየት ግን ይከብዳል እንዴ? ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ሌላ መብራት የለም፤ ፊልሙ በቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ፊልም ከጀመረ ሦስት ወር ያልሞላው ሰው ሥራ አቁሞ ተቀምጧል። የትኛውም ዳይሬክተር ይቆጣ ነበር። ደግሞም ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ታርቀው በእሷ ዳይሬክተርነት «በካባሬው የተያዘ» የተባለውን ሠሩ፤ ያ ፊልም የሰመረ ነው። ቻፕሊን በኪስቶን ባሳለፈው አንድ ዓመት ፊቱን ማርገብን፣ ቀልዱን ከሐሳብ ማስነሣትን ተማረ። ከማን ተማረ ቢባል፣ በየቀኑ አጠገቡ እንዲህ አድርጋ የምትጫወት አንዲት ሰው ነበረች።

ጥርጣሬ ላለው ሰው የሚታይ ማስረጃ አለ። በ1914 ጽፋም መርታም የተጫወተችበት «የሜቤል ስሕተት» ተጠብቆ ቆይቷል፤ በ2009 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሜቤል ለአለቃዋ ልጅ የታጨች የቢሮ ሠራተኛ ናት። አባትየውም ይከጅላታል። አንዲት ሴት መጥታ እጮኛዋን ስታቅፍ በበር ቀዳዳ ታያለች። ትቀናለች፤ የሾፌር ልብስ ለብሳ ልትከተላቸው ትወጣለች፤ ሾፌሩም በተራው የሷን ቀሚስ አድርጎ ይቀመጣል፤ አባትየውም መጥቶ እሱን ያሽኮረምማል። ያቺ ሴት የእጮኛዋ እኅት ናት። ይህ ሁሉ በአንድ ጥቅል ፊልም ውስጥ ያልቃል፤ ሩጫ ግን አለ ለማለት ያስቸግራል። ዳይሬክተሯ ካሜራውን ወደ ፊት አቅርባ የሚሰማትን ነገር ፊቷ ላይ እንድናነብ ጊዜ ትሰጠናለች።

በዚሁ ዓመት መጨረሻ «የቲሊ የተበላሸ ፍቅር» ወጣ። ስድስት ጥቅል ነው፤ ኮሜዲ ያን ያህል ይረዝማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዋናዋ ማሪ ድሬስለር የተባለች ታዋቂ የመድረክ ኮሜዲያን ስትሆን፣ ቻፕሊንና ሜቤል ገንዘቧን የሚበሉ አጭበርባሪዎች ናቸው። የፊልሙ ዳይሬክተር ሴኔት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ሌቦች ሲኒማ ይገባሉ። ሸራው ላይ የሚታየው ፊልም ልክ እነሱ የሠሩትን ወንጀል ነው የሚተርከው፤ ሜቤል እያየች ትሸማቀቃለች፣ ጎንዋ የተቀመጠውን ሰው ታየዋለች፣ ሰውየው የፖሊስ ምልክት አድርጓል። ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ በዐይኗ ብቻ የምትሠራው ይህ ትዕይንት በጠቅላላው ፊልም ውስጥ ካለው ግፊያና ርግጫ ሁሉ ይበልጣል፤ ቢያንስ በዚህ ተናጋሪ አስተያየት።

ቻፕሊን በ1914 መጨረሻ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ሌላ ድርጅት ሄደ። ሜቤል ከሮስኮ አርባክል ጋር ተጣመረች፤ ሕዝቡ ፋቲ የሚለው፣ እንደ ግዝፈቱ ሳይሆን እንደ ላባ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። «ፋቲና ሜቤል» እየተባሉ የባልና ሚስትን ትንንሽ ኑሮ ሠሩ፤ ልብስ ማጠብ፣ ሳንፍራንሲስኮ ሄዶ የዓለም ኤግዚቢሽን መጎብኘት። ከሁሉ የሚበልጠው በ1916 የወጣው ባለ ሦስት ጥቅሉ «ፋቲና ሜቤል በማዕበል ላይ» ነው። ሙሽሮቹ በባሕር ዳር ቤታቸው ተኝተው ሳሉ ተቀናቃኙ ቤቱን ከመሠረቱ ያስነቅለዋል፤ ሲነቁ አልጋቸው ውኃ ላይ ነው፤ ቤቱ በባሕሩ ላይ እየተንሳፈፈ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጸጥ ያለ ነገር አለ። ሜቤል እንቅልፍ ወስዷታል። ፋቲ በሩ ላይ ቆሞ ሊሰናበታት ያጎነብሳል፤ እሱ አይጠጋም፤ የሚጠጋው ግድግዳው ላይ ያለው ጥላው ነው፤ ጥላው ግንባሯን ይስማል። ውሻቸው ሉክም አብሯቸው አለ፤ ነፍስ የሚያድናቸውም እሱ ነው።

ከሴኔት ጋር የነበረው እጮኝነት በ1915 ፈረሰ። ምክንያቱ እንደ ተራኪው ይለያያል። የተረጋገጠው በዚያ ዓመት መኸር ራሷን ተጎድታ በጽኑ መታመሟንና ጋዜጦች በየቀኑ ስለ ጤናዋ መጻፋቸውን ነው። ሴኔት ሊታረቃት የፈለገ ይመስላል፤ በ1916 በስሟ የተሰየመ የፊልም ድርጅትና ስቱዲዮ ተቋቋመላት። የስቱዲዮው ሕንፃ ዛሬም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቆሟል። በዚያ ስቱዲዮ የተሠራው አንድ ፊልም ብቻ ነው፦ «ሚኪ»። በማዕድን አውጪዎች ሰፈር ያደገች ወላጅ አልባ ልጅ ናት፤ ሀብታም አክስቷ ዘንድ ስትላክ እንደ ገረድ ያሠሯታል፤ በመጨረሻ የጆኪ ልብስ ለብሳ የፈረስ እሽቅድምድም ትገባለች። ፊልሙ አልቆ ከአንድ ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ሲኒማ ቤቶች አንፈልግም አሉ። በ1918 ሲወጣ ግን የዘመኑ ትልቅ ስኬት ሆነ፤ በስሙ የተደረሰው ዘፈንም በየቤቱ ፒያኖ ላይ ይመታ ነበር። በዚያ ፊልም ላይ ክፉውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ሉ ኮዲ ከስምንት ዓመት በኋላ ባሏ ይሆናል፤ ገና ግን አልደረስንበትም።

እሷ ግን ፊልሙ ሳይወጣ ወደ ሳሙኤል ጎልድዊን ሄዳ ነበር። ለጎልድዊን ከአሥር በላይ ረጃጅም ፊልሞች ሠራች፤ አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ስለነሱ ብዙ ማለት አይቻልም። የዳይሬክተርነት ሥራዋ ግን እዚህ ላይ ቆሟል። ትልልቅ ድርጅቶች ሲመጡ፣ ፊልም ባለ ብዙ ጥቅልና ባለ ብዙ ገንዘብ ሲሆን፣ ሴቶች ከካሜራው ኋላ እየተገፉ መውጣታቸው የሜቤል ብቻ ዕጣ አይደለም።

በ1921 ወደ ሴኔት ተመልሳ «ሞሊ ኦ»ን ሠራች። ዕድሏ የተመለሰ መሰለ። በዚያው ሴፕቴምበር ግን የቀድሞ ጓዷ አርባክል ሳንፍራንሲስኮ በሆቴል ግብዣ ላይ ከተገኘች አንዲት ተዋናይት ሞት ጋር በተያያዘ ተከሰሰ። ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በኤፕሪል 1922 ነፃ ተባለ፤ የመጨረሻዎቹ ዳኞች ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ቢሆንም በስድስተኛው ቀን የፊልም ኢንዱስትሪው ተቆጣጣሪ ዊል ሄይስ ፊልሞቹ እንዳይታዩ አገደ።

በነዚያ ችሎቶች መካከል፣ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1922 ምሽት፣ ሜቤል ወዳጇ ወደሆነው ዳይሬክተር ዊልያም ዴዝመንድ ቴይለር ቤት ጎራ አለች። መጽሐፍ ወዳዶች ነበሩ፤ መጽሐፍ ሰጣት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን እስከ መኪናዋ ሸኝቷት ተመለሰ። በማግሥቱ ጠዋት አገልጋዩ ሲመጣ ቴይለርን በጥይት ተመትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘው። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፖሊስ ሜቤልን መርምሮ ከተጠርጣሪነት አውጥቷታል። ጋዜጦች ግን አላወጧትም፤ ደብዳቤዎቿን፣ የአደንዛዥ ዕፅ ሐሜቱን፣ የቅናት ግምቱን ለወራት ጻፉ። የ1924 አዲስ ዓመት ዕለት ደግሞ ሾፌሯ በእሷው ሽጉጥ አንድ የነዳጅ ባለሀብት ወዳጇን ተኩሶ አቆሰለ። ሰውየው ዳነ። የሜቤል ስም አልዳነም፤ በአንዳንድ ከተሞችና ግዛቶች ፊልሞቿ ይታገዱ ተባለ። አንድም ጊዜ ተከሳሽ ሆና አታውቅም።

ከዚህ ተኩስ በፊት ቀርጻ የጨረሰችው «ትርፏ ተዋናይት» በ1923 መጨረሻ ነው የወጣው። በፎቶግራፍ ስሕተት የፊልም ውድድር አሸንፋ ሆሊውድ የመጣች የገጠር ልጅ፣ ተዋናይ መሆኑ ቀርቶ አልባሳት ክፍል ውስጥ ትቀጠራለች። አንድ ቀን የአንበሳ ልብስ የለበሰውን ትልቅ ውሻ በገመድ ይዛ የምትሄድ መስሏት እውነተኛ አንበሳ ይዛ ስቱዲዮውን ሙሉ ታዞረዋለች። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሷ ምን ነካቸው ትላለች። አንበሳው እውነተኛ ነው፤ ገመዱን የያዘችውም ራሷ ናት። ሰላሳ ዓመት አልፏታል፤ ታማለች፤ ይህን ፊልም የሚያይ ሰው ግን አይጠረጥርም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ በመድረክ ላይ ሞክራ አልሆነላትም። በ1926 ሃል ሮች የተባለው የኮሜዲ አዘጋጅ አስመጥቶ ጥቂት አጫጭር ፊልሞች አሠራት። ከነሱ አንዱ ላይ ስታን ሎረል በዝግጅቱ ተሳትፏል፤ ሌላው ላይ ኦሊቨር ሃርዲና ገና ያልታወቀው ቦሪስ ካርሎፍ ብቅ ይላሉ። በሴፕቴምበር 1926 በውድቅት ሌሊት ከሉ ኮዲ ጋር ተጋቡ፤ ግብዣ ላይ በቀልድ ተጀምሮ በእውነት ያለቀ ጋብቻ ነው ይላሉ ወዳጆቻቸው። አብረው ብዙም አልኖሩም። የሳንባ ነቀርሳ በሽታዋ እየጠናባት ሄደ፤ ሞንሮቪያ ወደሚገኘው የፖተንጀር የሕሙማን ማረፊያ ገባች፤ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1930 እዚያው አረፈች። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። በድምፅ ፊልም ላይ አልተጫወተችም።

ማክ ሴኔት ትዝታውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1974 ብሮድዌይ ላይ «ማክ እና ሜቤል» የሚል ሙዚቃዊ ድራማ ቀረበ፤ የሚተረከው በማክ አፍ ነው፤ 66 ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። የእሷን ቃል የሚተካ መጽሐፍ የለም። የሚያናግሩት ፊልሞቹ ናቸው፤ ፊልሞቹ ደግሞ የሚቃጠልና የሚሟሟ ናይትሬት ላይ የታተሙ ናቸው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

የሆነ ሆኖ አንዳንዱ ባልታሰበ ቦታ ይገኛል። ጠፋ የተባለው የጎልድዊን ዘመን ፊልሟ «የታችኛው ፎቅ» ሆላንድ ውስጥ ተገኝቷል። በ2010 ደግሞ የኒውዚላንድ የፊልም መዝገብ ቤት ካዝናውን ሲፈትሽ 75 የአሜሪካ ፊልሞችን አገኘ። ኒውዚላንድ ለፊልም ነጋዴዎች የመንገድ መጨረሻ ነበረች፤ ቅጂው እዚያ ታይቶ ሲያረጅ በመርከብ ለመመለስ የሚወጣው ገንዘብ ከዋጋው ይበልጥ ስለነበር እዚያው ይቀራል። ከተገኙት መካከል ሜቤል የመራችውና የተጫወተችበት «በቁም ሣጥን የተገኘ ድል» የተባለ ኮሜዲ ነበረ፤ ከዳይሬክተርነት ሥራዎቿ እስካሁን በእጅ ካሉት ቀዳሚው ነው። ፊልሙ ወደ አሜሪካ ተልኮ ታድሷል። መጀመሪያ ለሲኒማ ቤቶች የቀረበው በጃንዋሪ 1914 ነው፤ ቻርሊ ቻፕሊን በመጀመሪያ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በፌብሩዋሪ 2 ነበር።